ቁጥር የሚበላው መነጽር

የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ለምንሠራ ሰዎች «መነጽሩ አልሆነኝም» የሚል ቅሬታ የዘወትር ነው። የእኚህ አዛውንት ግን ለየት ያለ ነበር። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው። መነጽራቸው ደጋግሞ ተለክቷል፣ ተቀይሯል። የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር ጥርት አድርገው ያነባሉ። ጋዜጣ ሲይዙ ግን አንዲት አንቀጽ መጨረስ መከራ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ መነጽር ቁጥር ይበላል» አሉኝ። 12,500 ተብሎ የተጻፈውን መጀመሪያ 12 ይሉታል፤ ከዚያ ተመልሰው ያርሙታል። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ደግሞ «ዕድሜ ነው፣ ትኩረታቸው ቀንሷል» ትላለች። በሥራዬ ላይ እንደ «ዕድሜ ነው» የምጠላው ምርመራ የለም። ምንም ሳይመረምር ሁሉንም ይዘጋል።

ሰሌዳውን ተውኩትና አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጥቻቸው ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ዓይናቸውን አያለሁ።

ስናነብ ዓይናችን መስመሩ ላይ የሚንሸራተት ይመስለናል። አይንሸራተትም። ይዘላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዘላል። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳዊው የዓይን ሐኪም በኤሚል ዣቫል ቤተ ሙከራ ሳይቀር የታወቀ ነገር ነው። አንዱ ቆይታ በአማካይ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የምናነበው በቆይታው ነው፤ በዝላዩ ጊዜ አንጎል ብዥታውን ስለሚያፍነው አይታወቀንም። ጎበዝ አንባቢም ቢሆን አልፎ አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከ100 ዝላይ ከ10 እስከ 15 ያህሉ የኋሊት ነው።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቃል ላይ ቆመን ሳለ የሚቀጥለውን ከወዲሁ እንቃርማለን። እንግሊዝኛ በሚያነቡ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ይህ ቅኝት በግራ በኩል ከ3 ወይም ከ4 ፊደል አያልፍም፤ በቀኝ ግን እስከ 14 ወይም 15 ይደርሳል። ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበበው በዕብራይስጥ ደግሞ ወደ ግራ ይገለበጣል። እንግዲህ የሚያደላው ዓይን አይደለም፤ ዓይንን የሚመራው አንጎል ነው። ቀጣዩ ዝላይ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው አጭር ቃል እንደሚታለፍ የሚወሰነውም በዚሁ ቅኝት ነው።

የአዛውንቱ ዓይን ትንሽ ዘለል፣ ረዘም አድርጎ ቆም፣ መለስ ይል ነበር። «ሰጠኋቸው» የሚለውን «ሰጠ» ብለው ጀምረው ይደናቀፋሉ። የመስመሩን መጀመሪያ ለማግኘት ምንም አይቸገሩም፤ የሚጨንቃቸው ወደ ቀኝ መሄዱ ነው። ልክ ግድግዳ እየገፉ የሚያነቡ ይመስላሉ።

«አባቴ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ» አልኳቸውና ጣቶቼን በግራቸው በኩል አሳየኋቸው። ቆጠሩ። በቀኛቸው ሳሳያቸው «የቱን ጣት?» አሉኝ። አንዱን ዓይን ሸፍኜ ሞከርኩ፣ ከዚያ ሌላውን። በሁለቱም የጠፋው ያው የቀኙ ግማሽ ነው። ችግሩ ከአንዱ ዓይን ቢሆን ሌላው ዓይን ጉድለቱን በሸፈነላቸው ነበር። የሁለቱም ዓይኖች ቀኝ ጎን እኩል ሲጠፋ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ግራው አንጎል ነው። ልጃቸው ይሄኔ ነው በቅርቡ ቀኝ ትከሻቸውን ከበር መቃን ጋር ማጋጨት እንደጀመሩ ትዝ ያላት።

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተላኩ። የአንጎል ምስል ሲነሱ፣ እይታን በሚያስተናግደው በግራው አንጎል የኋለኛ ክፍል ላይ ስትሮክ ተገኘ። እጅ እግራቸው አልሰነፈ፣ አንደበታቸው አልተያዘ፤ ማን ይጠርጥር! የፊደል ሰሌዳውም ቢሆን ሊያጋልጠው አይችልም፤ እዚያ ፊደሎቹ የሚለቀሙት አንድ በአንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ከበደኝ የሚል ሰው ሲመጣ ሰሌዳው ብቻውን አይበቃኝም። አንድ አንቀጽ አስነብባለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ፣ ጣቶቼንም በአራቱም ማዕዘን አሳያለሁ። ወረፋው ይረዝማል፤ ባልደረቦቼም ያጉረመርማሉ።

አዛውንቱ አሁን ስክሪን ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየተንሸራተተ የሚያልፍ ጽሑፍ እያነበቡ ይለማመዳሉ። የጠፋውን የእይታ ክፍል አይመልስም፤ ዓይን ወደ ቀኝ መዝለልን እንዲለምድ ግን ይረዳል፣ የንባብ ፍጥነትም ይሻሻላል። ጋዜጣቸውን ቀስ እያሉ ይጨርሳሉ። መኪና መንዳት መከልከላቸውን ግን እስካሁን አልተቀበሉትም፤ ክሊኒክ በመጡ ቁጥር ይከራከሩኛል።