ስለቴን አስገባሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። በማግስቱ ታናሽ ወንድሜ ከቺካጎ ደወለ። «እታለም፣ በማርያም፣ ልጆቹን ይዘሽ ከባሕር ዳር ውጪ!» በየት ልውጣ? መንገዱ ዝግ ነው።

ነሐሴ 2 ሌሊት ተኩሱ ከሩቅ ጀመረ። ከዚያ ቀረበ። መብራት አጠፋን። ፍራሹን መስኮቱ ላይ አቆምኩት። ልጆቹን አልጋ ሥር ከትቼ እኔ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ትንሿ «እማ፣ ነጎድጓድ ነው?» አለችኝ። ክረምት አይደል፣ «አዎ» አልኳት። ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ፣ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። «ከሌሊት ግርማ፣ በቀን ከሚበርር ፍላጻ አትፈራም» እላለሁ። ግን እፈራለሁ። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ቆርቆሮው አንድ ጊዜ ጓ ሲል ትልቁ ልጄ እጄን ነከሰኝ፤ እንዳይጮህ ብሎ ነው።

እውነቱን ልናገር። ያን ሌሊት እግዚአብሔርን ተቀየምኩት። «እሱን ብቻ አውጥተህ እኛን ለምን ተውከን?» አልኩ። በገዛ ወንድሜ ቀናሁ። ለዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምህረት ጃንጥላ ስሳል የልጆቼን ስም ብቻ ጠራሁ። እሱማ አሜሪካ ነው!

ሲነጋ ተኩሱ ረገብ አለ። ስልክ ጮኸ፤ የወንድሜ ጓደኛ ነው። እዚያ ገና ምሽት ነው። ወንድሜ ማደያ ቆሞ ቤንዚን ሲቀዳ ከሁለት መኪና ልጆች ተታኮሱ። ጥይቱ ትከሻውን በሳው። እኔ ስቀናበት እሱ አስፋልት ላይ ደሙ ይፈስ ነበር።

እሪ አልኩ። ጎረቤቴ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ገና ተኩስ እየተሰማ በአጥር ዘላ መጣችልኝ። ሁለታችንም ተንበርክከን «ሰላም ለኪ» ከማለት በቀር ቃል አልነበረንም።

ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በአምስተኛው ወር እጁን አነሳ።

በኋላ አንድ ጥናት አነበበልኝ። በፈረንጆቹ 2020 እና 2021 የቺካጎው እጅግ የከፋ ሰፈር ወጣት ወንዶች በጥይት የመሞት አደጋቸው አፍጋኒስታን ከዘመተ የአሜሪካ ወታደር ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ወታደሩ የራስ ቁር አለው፣ ጦርነት ላይ መሆኑን ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር፤ በር ዘግተን ፍራሽ አቁመናል። ወንድሜ ግን በእጁ የያዘው የቤንዚን ቀጂውን ብቻ ነው። ደግሞስ አልጋ ሥር ያደሩ ልጆችን ከየትኛው ወታደር ጋር ያነጻጽሯቸዋል? የባሰው የቱ እንደሆነ መመዘን ትቻለሁ። እሱን እዚያ፣ እኛን እዚህ ጠበቀን፤ ያልለመንኩትን ጨምሮ።

መንገዱ ሲረጋ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ ጃንጥላዬን አስገባሁ። ቄሱ የክርስትና ስሞችን ሲጠይቁኝ የወንድሜን አስቀደምኩ። ከዚያ ሻሿን አውልቃ አምቡላንስ እስኪመጣ ቁስሉን ይዛ የቆየችውን ጥቁር አሜሪካዊት ነገርኳቸው። ስሟን እሱም አያውቀውም።

«እመቤታችን ታውቃታለች» አሉኝ። ጧፍ አበራሁላት።