ዘጠኝ ሰው፣ ሦስት ከተማ፣ በፍልሰታ ጾም

ሮም የገባነው ነሐሴ 1 ቀን፣ ፍልሰታ በያዘበት ዕለት ነው። ዘጠኝ ነበርን፤ አምስቱ ከአዲስ አበባ፣ አራቱ ከፍራንክፈርት የመጡ ዘመዳሞች። ስምንት ቀን፣ ሦስት ከተማ፦ ሮም፣ ፍሎረንስና ቬኒስ። አስጎብኚ አልቀጠርንም፤ ሁሉንም በስልካችን ያስያዝነው ራሳችን ስለሆንን የተበላሸውም የተቃናውም የእኛው ነው።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ተርሚኒ ጣቢያ ድረስ የትም ሳይቆም የሚሄደው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ነው፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ያስከፍላል። ለአራት ሰው ደግሞ በ40 ዩሮ የቡድን ቲኬት አለ። ሁለት የቡድን፣ አንድ ነጠላ ገዛንና 94 ዩሮ ከፈልን፤ ለየብቻ ቢሆን 126 ይሆን ነበር። ልብ በሉ፣ በአንድ ቲኬት ያሉት አራቱ አብረው መሳፈር አለባቸው፤ አንዱ ሽንት ቤት ከቆየ ሦስቱም ይቀራሉ። በ8 ዩሮ የሚሄድ ሌላ ባቡርም ከዚያው ይነሳል፤ እሱ ግን ተርሚኒ አይገባም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ አድርጎ ወደ ቲቡርቲና ያልፋል። ከማሽን የተገዛ የወረቀት ቲኬት ደግሞ ከመሳፈር በፊት ባቡሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ሳጥን ገብቶ ቀንና ሰዓት ይታተምበታል። ካልታተመበት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪ ፊት "አላወቅኩም" ማለት አያድንም።

ሆቴላችን ከተርሚኒ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነበር፣ ባለ ሦስት ኮከብ። ያበሳጨን የከተማው ግብር ነው። ሮም እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለእያንዳንዱ እንግዳ በየሌሊቱ ታስከፍላለች፤ ባለ ሦስት ኮከብ 6 ዩሮ ነው። ዘጠኝ ሰው፣ አራት ሌሊት፣ 216 ዩሮ! ክፍሉን ስናስይዝ ከከፈልነው ውጭ ነው፤ በደቃቃ ፊደል ተጽፎ ነበር፣ ያነበበው ግን የለም። በቡድን የሚሄድ ሰው ይህን ከቤቱ አስቦ፣ ከእያንዳንዱ ሰብስቦ፣ በአንድ እጅ ይያዘው። እንግዳ መቀበያው ፊት ዘጠኝ ቦርሳ ሲከፈት ማየት አያምርም።

ከሁሉ በላይ ጊዜያችንን የበላው ግን ስማችን ነው። የኮሎሲየም ቲኬት በስም ነው የሚቆረጠው፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያስተያዩታል። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃል። የእኛ ሰው የራሱን ስምና የአባቱን ስም ሞልቶ ይተኛል፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን በቤተሰብ ስም ቦታ የተቀመጠው አያት ነው። የጀርመን ፓስፖርት የያዙት ደግሞ አባታቸው የቤተሰብ ስም ሆኖላቸዋል። ስለዚህ ወንድምና እህት ሆነው ሳለ በወረቀት ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባልና ሚስቱማ ከመጀመሪያውም አይገናኙም። በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመን፣ ሦስቱም ስም ፓስፖርቱ ላይ በመገኘቱ ብቻ አለፍን። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ዘጠኙን ፓስፖርት ፊቱ ዘርግቶ፣ በላቲን የተጻፈውን ፊደል በፊደል እየገለበጠ ይሙላ። በቃል እየተነገረው የሚሞላ ሰው "ጸሐይ"ን በአራት ዓይነት ይጽፋታል።

ቲኬቱ 18 ዩሮ ነው፤ ፎረም የሚባለውን የጥንት አደባባይና ፓላቲን ኮረብታንም ይጨምራል፣ ለ24 ሰዓት ያገለግላል። የሚለቀቀው ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ነው፤ በነሐሴ ቶሎ ስለሚያልቅ ያመለጠው ሰው ከነጋዴ በውድ ይገዛል። ከኮሎሲየም ውጭ "ወንድሜ፣ አፍሪካዊ ነህ!" ብሎ እጅ ጨብጦ በዚያው የክር አምባር የሚያስር አለ። ካሰረ በኋላ ገንዘብ ይጠይቃል። እጃችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ ሰላም በሉት።

ሁለተኛው ጣጣ ሰዓት ነው። ከፍራንክፈርት የመጡት "3 ሰዓት ቫቲካን በር ላይ" ሲሉ ከቀትር በኋላ 15፡00 ማለታቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተገኝተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በቲኬቱ ላይ እንዳለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፈን በቡድኑ ቴሌግራም ለጠፍነው። የቫቲካን ሙዚየም እሑድ ዝግ ነው፤ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ሌሎች ቱሪስቶች በር ላይ ስካርፍ ሲገዙ የእኛ ሴቶች ነጠላቸውን ጣል አድርገው ገቡ።

ስለ ምግብ ብዙ ፈርተን ነበር፤ ዘጠኙም ጿሚ ነው። ጣሊያን ግን ለጾመኛ የሚከፋ አገር አይደለም፣ ማወቅ ብቻ ይፈልጋል። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ናት፤ ስሟ ባሕር ባሕር ይላል እንጂ ዓሣም ቺዝም የለባትም፣ ዋጋዋም ከሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው። የሚያሳስተው ትኩሱ ፓስታ ነው፤ ደረቁ የስንዴ ዱቄትና ውሃ ሲሆን በእጅ የተሠራው እንደ ታልያቴሌ ያለው ብዙ ጊዜ እንቁላል ይገባበታል። አስተናጋጁ በመጨረሻ ቺዝ እንዳይፈቅፍበት ሲያዙ ጀምሮ "ሴንዛ ፎርማጆ" ማለት ነው። የፍሎረንስ ዳቦ ጨው የለውም፤ ተረስቶ አይደለም፣ ልማዳቸው ነው። እማማ ከሻንጣቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ጉዳዩን ጨረሱት።

ቡና ላይ ያወቅን መስሎን ተሸወድን። ባንኮኒው ጋ ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው እኩል አይከፍልም፤ የዋጋው ሰሌዳ "ባንኮ" እና "ታቮሎ" ብሎ ለይቶ ይጽፈዋል። ፓንቴዮን አካባቢ አንድ ቤት ሳናነብ ተቀመጥን፤ ቆመን 1.20 የምንከፍልበትን 5 ዩሮ ከፈልን፣ ዘጠኝ ጊዜ። ማኪያቶ ብሎ ያዘዘም የጠበቀው አልመጣለትም፤ የእነሱ ማኪያቶ በሥኒ ግማሽ የሆነ ጥቁር ቡና ላይ የወተት ጠብታ ነው። የእኛን የሚመስለው ካፑቺኖ ነው። "ላቴ" ብሎ ለሚያዝ ደግሞ በብርጭቆ ወተት ይመጣለታል። ለጾም "ላቴ ዲ ሶያ" የሚሉት አለ። በቃላቸው ግን ብዙ ደስ ተሰኝተናል፤ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ "ፌርማታ" ተብሎ ተጽፎ ሲያዩ ጋሼ "ይሄስ የእኛ ነው" አሉ። ባኞ ግን እዚያ ገንዳው ብቻ ሳይሆን ሽንት ቤቱም ጭምር ነው። ውሃ አትግዙ፤ በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ የሚጠጣና ቀዝቃዛ ነው። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ አፍ ይመጣል።

ተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ "የአምስት መቶዎቹ" ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ወታደሮች የተሰየመ። ብዙ ሐበሻ በየቀኑ ሻንጣ እየጎተተ ሳያውቅ ያልፍበታል። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ለማየት በሜትሮ ቢ ቺርኮ ማሲሞ መውረድ ነው፤ ወጣ ሲሉ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ይታያል፣ ከፊቱ ፖርታ ካፔና አደባባይ። በ1937 ተተክሎ፣ በ2003 ፈርሶ፣ በ2005 በሦስት ቁራጭ በአውሮፕላን ተመለሰ። አሁን እዚያ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ጥንታዊ ዓምዶች ናቸው፤ ለመስከረም 11ዱ የኒውዮርክ ሟቾች መታሰቢያ። እማማ ዞር ዞር ብለው "ባዶውን ልታሳዩኝ ነው ያለፋችሁኝ?" አሉ። ከዚያ በሳን ግሬጎርዮ መንገድ አሥር ደቂቃ ያህል ቢራመዱ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ይደረሳል። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 የጨረሰው እዚያ ነው፤ የመጨረሻው መንገድም ያኔ ገና ቆሞ በነበረው ሐውልት ሥር ያልፍ ነበር። ይህን ሲሰሙ እማማ ቅስቱ ድረስ ቀድመውን ሄዱ።

ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የገባነው ሰኞ ስለሆነ ኡፊዚ ሙዚየም ዝግ ነበር፤ ሰኞ ሰኞ እንደዚያ ነው። የካቴድራሉን ጉልላት ሁለት ሰዎች ብቻ ወጡ፦ 463 ደረጃ፣ ሊፍት የለም፣ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጉልበት የሚያመው አይሞክር። ማክሰኞ ኡፊዚ ገባን፣ ቲኬቱ 25 ዩሮ፣ ቀድሞ ለማስያዝ 4 ዩሮ ጭማሪ። ሰው ሁሉ ወደ ሠዓሊው ቦቲቼሊ ሥራዎች ይጎርፋል። እናንተ ረጅሙ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ወደ ጣሪያው ተመልከቱ፤ ከጣሪያው ሥር ተደርድረው ከተሰቀሉት የነገሥታትና የታዋቂ ሰዎች ምስሎች አንዱ የዐፄ ልብነ ድንግል ነው። ክሪስቶፋኖ ዴላልቲሲሞ የተባለ ሠዓሊ በ1500ዎቹ አጋማሽ ከታሪክ ጸሐፊው ከጳውሎ ጆቪዮ የምስል ስብስብ የቀዳው ነው። በጣም ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ይሻላል። ስማቸውም በጣሊያንኛ አፍ ተጣሞ "አታና ዲ ዲንጌል" ሆኗል። እኛ ኮሎሲየም በር ላይ ሃያ ደቂቃ መቆማችን ምን ይገርማል!

ወደ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ሆቴል የያዝነው ሜስትሬ ነው፤ ከደሴቲቱ በፊት ያለች፣ ዋጋዋ የሚቀመስ ከተማ። ሻንጣ ሜስትሬ ይቅር፤ ቬኒስ ውስጥ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነውና ጎማ ያለው ሻንጣ አይረባም። ከሜስትሬ ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። የሕዝብ ጀልባው ለ75 ደቂቃ 9.50፣ ለሙሉ ቀን 25 ዩሮ ነው፤ ሦስት ጊዜ የሚሳፈር የቀኑን ይግዛ። መስመር ቁጥር 1 ታላቁን ቦይ ቀስ ብሎ እየቆመ ስለሚያልፍ ጎንዶላ ላልፈለገ ይበቃዋል።

የጎንዶላ ዋጋ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም፦ ቀን 30 ደቂቃ 90 ዩሮ፣ ከምሽቱ 19፡00 በኋላ 110፤ የሚይዘው እስከ አምስት ሰው ነው። ለዘጠኝ ሁለት ጀልባ፣ 180 ዩሮ። አምስቱ 18፣ 18 አዋጥተው ተሳፈሩ። ጋሼ "ለግማሽ ሰዓት ውሃ!" ብለው እምቢ አሉ። ድልድይ በሌለበት ሰው ከዳር ዳር የሚያሻግር ትራጌቶ የሚባል ጎንዶላ አለ፤ ከሪያልቶ ገበያ ወደ ሳንታ ሶፊያ ሁለት ዩሮ ነው፣ ብዙ ሰው ቆሞ ይሻገራል። አራታችን እሱን ያዝን፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማዶ ስንደርስ ጋሼ ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው ሌላ ሁለት ዩሮ አወጡና እንደቆሙ ተመለሱ።