የምንደግፋቸውን ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንዴት እንደወሰንኩ

በአራት ኪሎና በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ላሉ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮችና ፎቶ ኮፒ ቤቶች የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮግራም አለን። ኮዱ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ መስኮቶቹ ኪውት በሚባለው የመስኮት መሥሪያ የተሠሩ ናቸው። «በየትኛው ኮምፒውተር ይሠራል?» ሲባል ለረጅም ጊዜ መልሳችን «በሁሉም» ነበር። ይህ መልስ ተጠቃሚውን ይጎዳል። አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስና ሊኑክስ ያለ) ላይ ፕሮግራሙ መከፈቱ አንድ ነገር ነው፤ መደገፍ ግን ቃል መግባት ነው። እደግፈዋለሁ ያልኩትን ሲስተም አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አስቀድሜ መሞከር፣ ችግር ከተገኘም እትሙን ማቆየት አለብኝ። ዝርዝሩን እንደገና የሠራሁት በዚህ መለኪያ ነው።

መጀመሪያ ሱቆቹ ውስጥ ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ምንም መረጃ ወደ ውጭ አይልክም፤ የሰው የሽያጭ መዝገብ ስለሆነ እንዲልክም አልፈልግም። ስለዚህ ፍላሽ ይዤ ስሄድ አራት ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ የዊንዶውስ ቢልድ ቁጥር (የትኛው እትም እንደሆነ የሚለየውን ቁጥር)፣ ዓይነቱ 32 ቢት ወይስ 64 ቢት መሆኑን፣ የራም መጠንና ኢንተርኔት መኖር አለመኖሩን። ቢልድ ቁጥሩን «ዊንቨር» የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። «ዊንዶውስ 10 ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። በሞባይል ሆትስፖት የሚሠራ ሱቅ ፓኬጅ እንዳያልቅበት አፕዴቱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ስሙ 10 ሆኖ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ያልተነካ ሲስተም ይገኛል።

ቀጥሎ ፕሮግራማችን የተሠራባቸውን መሣሪያዎች ማየት ነው፤ ብዙውን ነገር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። ኪውት 6 የሚፈልገው ዊንዶውስ 10 እትም 1809ን፣ ማለትም ቢልድ 17763ን ወይም ከዚያ በላይ ነው። ኪውት 6ን ከፓይተን ጋር የሚያገናኘው ፓይሳይድ 6 ደግሞ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ወደ ኪውት 6 ስንሻገር ዊንዶውስ 7 ብቻ ሳይሆን 32 ቢት ዊንዶውስ 10ም አብሮ ይወድቃል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ነው። 32 ቢት የተጫነበት ማሽን ፕሮሰሰሩ 64 ቢት የሚችል ሊሆን ይችላል። በአፕዴት ግን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም፤ መዝገቡን ወደ ፍላሽ ገልብጦ ፎርማት አድርጎ እንደ አዲስ መጫን ግድ ነው።

የማይክሮሶፍትን ቀን ብቻ አልተከተልኩም። ለዊንዶውስ 7 መደበኛው ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ አሮጌ ማሽን ያለው ሱቅ ወደዚያ መሄድ አይችልም። ኪውትና ፓይተን እስከተሸከሙት ድረስ ዊንዶውስ 10 በዝርዝሩ ይቆያል።

ለዊንዶውስ 7 እና ለ32 ቢት ማሽኖች በፓይተን 3.8 እና በኪውት 5.15 የተሠራ የተለየ ቅርንጫፍ (ለብቻው የሚያዝ የኮዱ ቅጂ) ትቻለሁ። አዲስ ነገር አይገባበትም፤ የሚታረመው መዝገብ የሚያጠፋ ስህተት ብቻ ነው። ላይብረሪዎቹን (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ሌሎች ሰዎች የጻፏቸውን ኮዶች) በሙሉ ከትክክለኛ የቨርዥን ቁጥራቸው ጋር ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ አሮጌ ላይብረሪ ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም። አፕዴት ያላየ ዊንዶውስ 7 ላይ «የሲአርቲ ዲኤልኤል ጠፍቷል» የሚል መልእክት ከወጣ ምክንያቱ ኬቢ2999226 የሚባለው የማይክሮሶፍት አፕዴት አለመጫኑ ነው፤ ፋይሉን ከኢንስቶለሩ ጋር በፍላሹ ላይ አድርጉት።

ሊኑክስ ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። የፓይተንን ኮድ ወደሚከፈት ፕሮግራም የሚጠቀልለው ፓይኢንስቶለር የሚያዘጋጀው ፋይል በተሠራበት ማሽን ጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ ላይብረሪ) ላይ ይመሠረታል። ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ የተሠራው፣ ጂሊብሲው 2.39 ስለሆነ፣ 22.04 ላይ ላይከፈት ይችላል። 22.04 ላይ የተሠራው ግን ሁለቱም ላይ፣ ዴቢያን 12 በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይም ይሄዳል። ሁልጊዜ ከምትደግፉት ሁሉ አሮጌው ላይ ሥሩ። አይባስ በሚባለው የሊኑክስ የፊደል መጻፊያ የሚሠራው የኪውት ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ከጥቅሉ ከቀረ ደግሞ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስህተት ይከፈታል፤ አማርኛ መጻፍ ግን አይቻልም። በላቲን ፊደል ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም።

ማክ ላይ ኮዱ ይሠራል፤ ዘወትር የሚሞክርበት ሰው ስለሌለን «አልተሞከረም» በሚለው ሥር ነው።

ሙከራውን በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም)፣ 4 ጊጋባይት ራም በተሰጠው ማሽን ላይ አደርጋለሁ። የተጠቃሚው ስም በአማርኛ የተጻፈ አካውንት ከፍቼ እጭናለሁ። ከዚያ አማርኛ ጽፌ ዝርዝሩን ወደ ጽሑፍ ፋይል አወጣለሁ። ፓይተን 3.8 ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉ (ፊደላት በቁጥር የሚቀመጡበት ዘዴ) ካልተነገረው ፋይል የሚከፍተው በሲስተሙ ኮድ ፔጅ፣ ማለትም ዊንዶውሱ በተመረጠለት የፊደል ሠንጠረዥ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ያለፈው ሙከራ እዚያ ይሰበራል፤ ስለዚህ በየቦታው ዩቲኤፍ-8 ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ሽያጭ እየተመዘገበ ሳለ ማሽኑን ድንገት አጠፋለሁ፤ መብራት ሲሄድ የሚሆነው ይኸው ነውና መዝገቡ ሳይበላሽ መከፈት አለበት። ፎንትና የቀን ስሌት ከሲስተሙ መበደር ትቻለሁ። የአማርኛው ፎንት ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ በአማራጭነት የሚጫን ፎንት ሆኗል፤ ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት አብረን እናቀርባለን። ዊንዶውስ የዘመን አቆጣጠሮችን የሚያሰላውን አይሲዩ የተባለ ላይብረሪ ይዞ መምጣት የጀመረው ከ10 እትም 1703 ወዲህ ስለሆነ የዘመን አቆጣጠሩን በራሳችን ኮድ እናሰላለን፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። መሞከሪያዎቹ 2015 እና 2019 ናቸው።

የተወሰነው ዝርዝር ለባለ ሱቁ የሚደርሰው በኢንስቶለሩ በኩል ነው፤ ፕሮግራሙ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ስለሚሄድ ሌላ ቦታ የተጻፈ ማስታወቂያ አይነበብም። ኢንስቶለሩን የሠራሁበት ኢኖ ሴትአፕ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ቢልድ ቁጥሩንና ቢቱን ያያል። ማሽኑ የማይስማማ ከሆነ በአማርኛ ምክንያቱን ይነግርና እዚያው ፍላሽ ላይ «ለአሮጌ ማሽን» በሚል ፎልደር የተቀመጠውን እትም ይጠቁማል።