ከአራት ኪሎ እስከ ባሕር ዳርቻ፦ ለኦተር ትሬይል የምትዘጋጁ

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ኦተር ትሬይል የሚባለውን የእግር ጉዞ መንገድ ለመጓዝ ካሰባችሁ፣ ስለ ትንፋሽ ብዙ አትጨነቁ። የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ባሕሩ ዳርቻ ላይ አየሩ እንደ ልብ ነው። ለእኛ ለደገኞች ከባዱ ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ነው።

መንገዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ጋርደን ሩት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። 5 ቀን፣ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን ከገደሉ አናት ወደ ባሕሩ ትወርዳላችሁ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ፣ እንዲህ እያለ ይመሻል። ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ስትለማመዱ ቦርሳችሁን በውኃ በተሞላ ሃይላንድ አክብዱና ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ በታክሲ ሳይሆን በእግር ይሁን። የመስቀል አደባባይ ደረጃም አሪፍ ነው።

ዋናው ጉዳይ 4ኛው ቀን ነው። ወደ 14 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ብሉክራንስ ወንዝ ወደ ባሕሩ ይገባል፤ ድልድይ የለም። የምትሻገሩት ባሕሩ ሲጎድል ነው። ሲሞላ ማዕበሉ ወንዙ አፍ ድረስ ይገባል። ባሕሩ ለመሙላት 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ለመጉደልም እንዲሁ 6 ሰዓት ያህል፤ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ደግሞ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ስለዚህ አንዳንዱ ቡድን ገና ሳይነጋ የግንባር ባትሪ አድርጎ ይነሳል።

የእኛ አቆጣጠር የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ባሕሩ የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ 11:00 ካለ በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ከቡድኑ አንዱ ግን «5 ሰዓት» ሲባል ሊነጋጋ ሲል ያለውን ሊያስብ ይችላል። አገሩ ራሱ ከእኛ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እኔ ሁለቱንም አቆጣጠር በእስክሪብቶ ፕላስተር ላይ ጽፌ ሃይላንዴ ላይ ለጠፍኩት፤ ውኃ በጠጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። በጣም ነው የረዳኝ።

ቦርሳችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ ውኃ በማያስገባ ወፍራም ላስቲክ ጠቅልሉ። ባሕሩ ጎድሎም ቢሆን አንዳንዴ መዋኘት ግድ ይላል፤ ዋና የማትችሉ እባካችሁ ሳትማሩ አትሂዱ። በቀን 12 ሰው ብቻ ስለሚያስገቡ ቦታ የሚያዘው ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ እስከዚያ ለመማር በቂ ጊዜ አላችሁ።