ጀርባ መሬት ሲነካ

ደብረ ብርሃን ላይ ያደገ ሰው በትንፋሹ ይመካል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በብርዱ ውስጥ በየማለዳው በበሬሳ ወንዝ ዳር ሲሮጥ ያደገ ልጅ ዝቅ ወዳለ አገር ወርዶ ሲጋጠም እንደማይደክመው ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል። እኔም በ14 ዓመቴ ቴኳንዶ ጀምሬ፣ ኋላም ኪክ ቦክሲንግ ተምሬ፣ በ23 ዓመቴ ወደ ሚክስድ ማርሻል አርትስ ስገባ የያዝኩት ስንቅ እግሬና ሳንባዬ ብቻ ነበር። አሰልጣኜን «ማስተር፣ መቼ ነው የምጋጠመው?» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ወለል ላይ መታገል መቼ ተማርክና?» ይሉኝ ነበር። ነገራቸው የገባኝ ናይሮቢ ላይ ስጋጠም ነው።

ይህ ስፖርት ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና ማነቅን በአንድ ሕግ ሥር ያጣመረ ነው። የፕሮፌሽናል ግጥሚያ በአብዛኛው እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ የሆኑ 3 ዙሮች ሲኖሩት፣ ለሻምፒዮንነት የሚደረግ የቀበቶ ግጥሚያ 5 ዙር ነው። ጓንቱ 4 አውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ጣቶቹም ክፍት የሆኑት ተጋጣሚን ለመያዝ እንዲያመች ነው። እኔ ግን ጣቱ ለምን ክፍት እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር። ውድድሩ በተጀመረ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቀኝ እግሬን ለእርግጫ ሳነሳ ተጋጣሚዬ የቆምኩበትን እግር አቅፎ ጣለኝ፤ ወዲያው ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ክንዱን ከአገጬ ሥር አሳለፈ። ይህ አያያዝ ትንፋሽ የሚዘጋ ይመስላል፤ በትክክል ከተያዘ ግን የሚጫነው በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን ሥሮች ስለሆነ፣ ሰው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ዓይኔ ዳር ዳሩን መጨለም ሲጀምር ክንዱን መታ መታ አድርጌ መሸነፌን አሳወቅሁ። ዳኛው አላቅቆን ስነሳ ያስተዋልኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ትንፋሼ ጨርሶ አልተቆራረጠም ነበር። ናይሮቢ ከደብረ ብርሃን 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ የተመካሁበትን ሳንባ ግን ሳልጠቀምበት ይዤው ተመለስኩ።

ስመለስ ማስተር አልወቀሱኝም፤ «የመንዝ ልጅ ሆነህ ትግል አታውቅም?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አውቃለሁ። በልጅነቴ አያቶቼ ዘንድ ስከርም፣ በግ እየጠበቅን ከእረኞቹ ጋር ስንታገል እንውል ስለነበር፣ ወገብ ይዞ ማንሳትም ሆነ እግር ጠልፎ መጣል እንግዳ አልነበረብኝም። ነገር ግን በእረኛ ትግል የአንዱ ጀርባ መሬት ሲነካ ጨዋታው ያልቃል፤ የወደቀው ልብሱን አራግፎ ይነሳል። በዚህኛው ሥራው የሚጀመረው ያኔ ነው። ስለዚህ በጭድ የሞላናቸውን ጆንያዎች ደርድረን፣ ሸራ አልብሰን፣ ለ7 ወር ከመሬት መነሳትን ብቻ ተለማመድኩ። ከእኔ 15 ኪሎ የሚበልጥ ጓደኛዬ ደረቴ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በክርኔ ጉልበቱን እየገፋሁ ዳሌዬን ወደ ጎን አሾልካለሁ፣ ጉልበቴን በመካከላችን አስገባለሁ፣ ተመልሶ ሲጫነኝ ደግሜ አሾልካለሁ። በአንድ ምሽት 200 ጊዜ ያህል። ማታ ቤት ስገባ ፀጉሬ ውስጥ ጭድ ስለማይጠፋ እናቴ «የምትውለው በረት ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ከመሬት መነሳትን ስለምድ ሌላ ስህተት ሠራሁ፤ ይህኛው ከፋ። በጤናዬ 70 ኪሎ እየመዘንኩ፣ ከትንሽ ሰው ጋር መጋጠም ይሻላል በሚል በ61.2 ኪሎ ፈረምኩ። ክብደት በአብዛኛው የሚለካው ከግጥሚያው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ብዙዎች የሰውነታቸውን ውኃ በላብ አውጥተው ከተመዘኑ በኋላ መልሰው ይጠጣሉ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ከ55ቱ ቀን ጾም ጋር አብሬ እከሳለሁ ብዬ በበሶና በገብስ ቆሎ ብቻ ስሠለጥን ከረምኩ፤ ከስቡ ጋር ጡንቻዬም እየሄደ መሆኑን አላስተዋልኩም። በመጨረሻው ሳምንት በደብረ ብርሃን ብርድ ላብ አልወጣ ሲለኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን አልፌ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። በቀትር ፀሐይ ላስቲክ ለብሼ ስሮጥ ሽንኩርት የሚለቅሙ አንዲት እናት «ልጄ፣ ምን በድለህ ነው ራስህን እንዲህ የምትቀጣው?» ብለው ውኃ ሰጡኝ፤ አፌን አርሼ ተፋሁት። ያን የመሰለ ውኃ መትፋቴ ዛሬም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ሚዛኑ ላይ ስወጣ ከተፈቀደው ክብደት በ800 ግራም በልጬ ተገኘሁ። ከክፍያዬ 20 በመቶው ለተጋጣሚዬ ተሰጠ፤ በማግሥቱም እግሬ እየተብረከረከ በዳኞች ውሳኔ ተሸነፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ቻይናዊ ተፋላሚ ክብደት ሲቀንስ ከሰውነቱ ውኃ በማለቁ መሞቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ወዲያው ወደ 65.8 ኪሎ ወጣሁ። ያሸነፍኳቸው 5 ግጥሚያዎች በሙሉ በዚያ ክብደት የተገኙ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የምለው የለኝም። ለመጋጠም አንድ ክፍያ፣ ለማሸነፍ ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። አንድ አዘጋጅ የማሸነፊያውን በቃል ብቻ ስለነገረኝ ሳልቀበለው ቀርቻለሁ፤ እናቴም «ሰው ተደብድቦ ደመወዙን ይከለከላል?» ብላ ከእኔ በላይ ተናዳለች። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ ሳላይ አልፈረምኩም።

አሁን 34 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ስላስቸገረኝ መጋጠም አቁሜ ወጣቶችን አሠለጥናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ትውልደ አፍሪካውያኑ ካማሩ ኡስማን፣ እስራኤል አዴሳንያና ፍራንሲስ ንጋኑ በአንድ ጊዜ የዚህ ስፖርት ትልቁ ድርጅት የሆነው የዩ ኤፍ ሲ ሻምፒዮን ስለነበሩ፣ ልጆቹ የሦስቱንም ግጥሚያ ከስልካቸው አይለዩም። ሁሉም የሚወዱት ከኪክ ቦክሲንግ የመጣውን የአዴሳንያን እርግጫ ነው፤ እኔ የማሳያቸው ግን በኮሌጅ ትግል ያደገውን ኡስማንን ነው፣ በተለይ ተጋጣሚውን ከመጋጠሚያው ቦታ አጥር አስጠግቶ እንዴት እንደሚያደክም። ባለፈው ሳምንት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ልምምድ ሳንጀምር ጠጋ ብሎ «ማስተር፣ ዞሮ መርገጥን መቼ ነው የሚያስተምሩኝ?» አለኝ። ጆንያዎቹን አውጥቶ እንዲደረድር ነገርኩት።