የልጅነትን ትዝታ ከቦታው ላይ መልቀም፦ ለመንደር ክዋኔ አዘጋጆች

ከመንደር ሰው ጋር የሚሠራ ክዋኔ (ትርኢት) ብዙ ጊዜ ከአዳራሽ ይጀመራል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ማይክራፎን ይዞራል፣ «እስቲ ልጅነትዎን ያጫውቱን» ይባላል። የሚገኘው ምክር ነው፤ በእኛ ጊዜ መከባበር ነበር፣ የዛሬ ልጅ አይሰማም። ያንኑ ሰው ከብት ወደጠበቀበት አፋፍ ይዞ መውጣት ይሻላል። እዚያ ሲደርስ ከዝናብ የተጠለለበትን ድንጋይ ያሳያል፤ ጭጋግ ሲወርድ ጓደኛውን የሚጣራበትን ድምፅም ያወጣል። በጣርማበርና በአንኮበር በኩል ጭጋጉ ድንገት መንገድ ስለሚሸፍን፣ ከዚህ ጥሪ የተሻለ የክዋኔ መክፈቻ አይገኝም።

ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል፤ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ፣ ግማሹ ሴቶች። እረኛው የሚያውቀው መንገድና እንስራ ያዘለችው ልጅ የምታውቀው መንገድ አንድ ስላልሆነ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሂድ። ስልኩ፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በጋቢ እጥፋት ውስጥ ሆኖ ይቅዳ፤ ያለዚያ የደጋው ነፋስ ድምፁን ይበላዋል። ጥያቄው ሦስት ነው፦ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር? ማን ይከለክልዎ ነበር? ምን ይፈሩ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ በመንዝ ብዙ ያወጣል። የጓሳ መስክ ለዘመናት የተጠበቀው ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ነበር፤ ሣር የሚታጨድበትም ሆነ ከብት የሚገባበት ጊዜ የተወሰነ ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ አዛውንት ክልከላውን ያዩት በልጅ ዓይን ነው።

ግን መሬት ባለበት ክርክር አለ። «ይህ ግጦሽ የእኛ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ክዋኔውን የድንበር ምስክርነት ያደርገዋል፤ ቦታውን በስሙ እንጂ በባለቤቱ አትጥሩት።

የተለቀመው ትዝታ በአውድማ ላይ በአመድና በጠጠር እንደ ካርታ ይነደፋል፤ ሁሉም ቆመው ይተራረማሉ። ካልተስማሙ ሁለቱም መንገድ እንደተነደፈ ይቆይ። ከዚያ ተመልካቹ እየተጓዘ የሚቆምበት 5 ማረፊያ ይመረጣል፤ በእያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ አይለፍ። ተመልካቹ ከ25 ከበለጠ በቀጭን መንገድ ላይ ኋለኛው አይሰማም። ድምፅ ማጉያ ማምጣት ደግሞ ሰውን ከቦታው ነጥቆ በማጉያው ዙሪያ ያቆመዋል።

በማረፊያዎቹ ላይ የአዛውንቱን የልጅነት ጨዋታ የሚጫወቱት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፤ የወላጅ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ። ቃል አታስጠኗቸው፤ የገበጣውን ወይም የሰኞ ማክሰኞውን ሕግ ብቻ ስጧቸው። አዛውንቱ ከልጆቹ ጋር የሚገናኙት በመጨረሻው ልምምድ ላይ ይሁን። «ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብለው ጨዋታውን ሲያቋርጡ የሚወለደው ክርክር የክዋኔው ልብ ነው፤ አስቀድሞ ከተስተካከለ ይሞታል።

ወቅቱም ይታሰብ። የቡሄ ጅራፍ በጥር ሲጮህ ያገሬው ሰው ይስቃል፤ ለጥር የገና ጨዋታ አለለት። ነሐሴ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ኅዳር አጨዳ፣ ቀጥሎም ውቂያ። የሚመቸው ጥር ነው፦ በ12 ወይም በ21፣ እርሻ በማይነካበት የሚካኤል ወይም የማርያም ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ብርድ አዛውንት አያስቆምም፤ ቡናውና ቆሎው ቤት ውስጥ ይቅረብ፣ የተቀዳው ድምፅ ቅጂም እዚያው ለየባለቤቱ ይሰጥ።