የላፕቶፔን ዋይፋይ በኬብል ለእህቴ ዴስክቶፕ ያጋራሁበት፣ ሁለት ቀን የበላኝ ጉድ

ራውተሩ ያለው አከራዮቻችን ሳሎን ነው፣ እኛ ያለነው ጓሮ ሰርቪስ ቤት። የወሩን ሂሳብ አብረን ስለምናዋጣ ስልኮቻችንም የኔም ላፕቶፕ ዋይፋዩን ይይዛሉ፣ እስከዛ ሰላም ነበርን። ከዛ ታናሽ እህቴ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛች፣ አንድ መስሪያ ቤት እቃ ሲቀይር ከሸጣቸው ውስጥ፣ ማሽኑ አሪፍ ነው ግን ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም። ከአከራዮቹ ሳሎን ግቢውን አቋርጦ ኬብል መዘርጋት አይታሰብም፣ ዩኤስቢ ዋይፋይ ልግዛላት ብዬ ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ ኪሴን ዳበስኩና እሱ ይቆየን አልኩ። ላፕቶፔ ላይ የኢተርኔት ፖርት፣ የኔትወርክ ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ፣ አለ አይደል እንዴ፣ ላፕቶፑ ዋይፋዩን ይቀበልና በኬብል ለሷ ያሳልፍላት።

ነገሩ ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም ያለ ነው፣ ምንም ሶፍትዌር አይወርድም። ኮንትሮል ፓነል ገብታችሁ ኔትወርክ አዳፕተሮቹ የተደረደሩበት ጋ ትሄዳላችሁ፣ ዋይፋዩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ የሚለው ታብ፣ የመጀመሪያዋን ሳጥን ቼክ አድርጋችሁ ከስሯ ኢተርኔትን መምረጥ፣ ኦኬ፣ አለቀ። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት ሼሪንጉን ኢተርኔቱ ላይ ከፍቼ ነው፣ ለካ የሚከፈተው ኢንተርኔቱ የሚመጣበት ላይ ነው፣ ማለትም ዋይፋዩ ላይ። ይሄን ስታደርጉ ዊንዶውስ የላፕቶፑን ኢተርኔት አድሬስ (አይፒ የሚባለውን ቁጥር) በራሱ ጊዜ 192.168.137.1 ያደርገዋል፣ ኬብሉ ሌላ ጫፍ ላይ ላለው ኮምፒውተርም በ192.168.137 የሚጀምር አድሬስ ያድለዋል። ላፕቶፑ ራውተር ሆነ ማለት ነው።

ሰካሁት፣ የፖርቱ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ዴስክቶፑ ላይ ኢንተርኔት የለም።

ጥፋተኛው ኬብሉ ነው አልኩ፣ ምክንያቱም ድሮ ስንማር ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ሲገናኝ ክሮስ ኬብል (የሁለቱ ጫፎቹ የሽቦ አደራደር የተለያየ) ነው የሚፈልገው ተብለናል። ከጓደኛዬ ክሪምፐር፣ የኬብል ጃክ መምቻ መቆንጠጫ፣ ተውሼ መጣሁ፣ አንዱን ጫፍ ቆረጥኩና ብርቱካናማውን ጥንድ በአረንጓዴው ቦታ፣ አረንጓዴውን በብርቱካናማው ቦታ አድርጌ መታሁት። የመጀመሪያው ጃክ ተበላሸ፣ አንዷ ቀጭን ሽቦ ጫፍ ሳትደርስ ነክሼዋለሁ፣ ጭራሽ የነበረው መብራት ራሱ ጠፋ። ሁለተኛው ላይ መብራቱ ተመለሰ፣ ኢንተርኔቱ ግን ያው። እማዬ «ቡናው ሦስተኛ ሊደርስ ነው፣ ያን ገመድ ተወውና ና» ትላለች፣ እህቴ ከጎን «አንተ፣ ትችላለህ ግን?» ትላለች፣ እኔ ፋየርዎል (የዊንዶውስን የኔትወርክ ጥበቃ) እያጠፋሁ እያበራሁ አመሸሁ። በኋላ ነው የገባኝ፣ የአሁኖቹ ጊጋቢት ፖርቶች ኬብሉ ቀጥታ ይሁን ክሮስ ራሳቸው አውቀው ያስተካክላሉ፣ ደግሞ መብራቱ ገና ከመጀመሪያው በርቶ ነበር እኮ፣ ኬብሉ ደህና መሆኑን እየነገረኝ ነው ጃኩን የቆረጥኩት።

በማግስቱ ሌላውን ሁሉ ትቼ የዴስክቶፑን አይፒ አየሁ፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን። 192.168.1.25 ይላል። እንዴ፣ ይሄን ማን ሰጠው? ማንም፤ የድሮው መስሪያ ቤት በእጅ የሞላለት ነው፣ ማሽኑ ተሽጦ ሰርቪስ ቤት ገብቶም የቢሮውን አድሬስ አልለቀቀም። የኢተርኔቱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የአይፒ ቨርዥን 4 ገጽ ገብቼ አድሬሱንም ዲኤንኤሱንም (የድረገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርለትን) በራሱ ይቀበል ብዬ ቀየርኩት፣ ትንሽ ቆየና 137 የምትለዋን ቁጥር ይዞ መጣ፣ እህቴ «ከፈተ! ከፈተ!» አለች። በነገራችን ላይ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ያ ሌላ ነው፣ አድሬስ የሚሰጠው አጣ ማለት ስለሆነ ያኔ ኬብሉን ወይ ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሼሪንግ ጠርጥሩ።

ከዛ በኋላ ትናንሽ ጣጣዎች ነበሩ። ላፕቶፑን ሪስታርት ሳደርግ አንዳንዴ ሼሪንጉ እንደበራ እያሳየ አይሰራም፣ ቼኩን አንስቼ ኦኬ ብዬ መልሼ ሳደርገው ይነሳል። ክዳኑን ስዘጋው ደግሞ ላፕቶፑ ይተኛና የእህቴም ኢንተርኔት አብሮ ይተኛል፣ ፓወር ሴቲንጉ ውስጥ ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ አልኩት።

ያናደደኝ ግን የፓኬጁ ነው። አንድ ማታ የአከራዮቹ መስመር ተቋረጠና ላፕቶፑን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኘሁት፣ ላፕቶፔ ላይ ሆትስፖቱን ሜትርድ (ዳታው የተቆጠረ ነው፣ ቆጥብ ማለት ነው) ስላደረግኩት ተማምኜ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፓኬጁ ባዶ። ዴስክቶፑ ሌሊቱን ሙሉ የዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ ነበር፣ እሱ የሚያየው ኬብል ብቻ ነዋ፣ ከኬብሉ ወዲያ የኔ የሞባይል ዳታ እንዳለ በምን ያውቃል፣ ላፕቶፑ ላይ ሜትርድ ማለቴ ለሱ አይደርሰውም። አሁን ዴስክቶፑ ላይም ኢተርኔቱን ሜትርድ አድርጌዋለሁ።

ይሄው አሁን ይሰራል፣ የሚሰራው ግን ላፕቶፔ ቤት ካለ ብቻ ነው። ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሳ እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ላፕቶፑን ትተህ ብትሄድስ?» ትለኛለች። ደሞዝ ሲገባ ያቺኑ ዩኤስቢ ዋይፋይ ልገዛላት ነው።